ለዘበኛ ተያዥ እንጠይቃለን፤ ለዕጩ ተመራጭስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ዘበኛ መቅጠር እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው ከየት አገር እንደመጣ፣ ቀደም ሲል ማን ቤት እንደሠራ፣ ከዚያስ ለምን እንደወጣ ይጠየቃል። ይኼ ሁሉ ተጠይቆም አይበቃም፤ "ተያዥ አለህ ወይ?" ይባላል። ተያዡም ዝም ብሎ ከመንገድ የተጠራ ሰው አይሆንም፤ ደመወዙ የታወቀ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ዘበኛው ቢጠፋ የሚጠየቅ፣ ዕቃ ቢጎድል የሚከፍል መሆን አለበት። ለቤት ሠራተኛም ያው ነው። ወደ እድር ገንዘብ ያዥ ሲመጣማ ነገሩ ይጠብቃል። ስንት ዓመት በሰፈሩ የኖረ፣ ልቅሶ ላይ የማይቀር፣ ድንኳን ሲተከል እጀታውን የሚሰበስብ፣ "እሱ እንኳ የሰው ገንዘብ አይነካም" የተባለለት ሰው ካልሆነ በቀር ደብተሩ አይሰጠውም።

ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ እንግዲህ ለአንድ የግቢ በርና ለአንድ ሣጥን ገንዘብ ነው። ከተማዋን ከነመሬቷ፣ ከነግብሯ፣ ከነውሃ መስመሯ ለሚረከብ ሰው ሲሆን ግን ጠያቂው ሁሉ ድምፁ ይጠፋል። ምልክት አይቶ ምልክት ማድረግ ነው። "ለመሆኑ ይኼ ሰውዬ ማነው? ምን ሠርቶ ያውቃል?" የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ የሚነገረው ስለ ሰውየው ሕይወት ሳይሆን ስለ ዘር ሐረጉ ነው። "የእነ እገሌ ወገን ነው" ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ዘር ደግሞ ተያዥ ሆኖ አያውቅም። ዕቃ ሲጎድል ዘር መጥቶ አይከፍልም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ዕጩ አንስተን እንነጋገር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ያጫቸውን ዶ/ር ብርሃኑ ነጋን። እኚህን ሰው የማነሳው ላወድሳቸውም ላወግዛቸውም አይደለም፤ ወዳጆቻቸውም ባላንጣዎቻቸውም በየጊዜው የልባቸውን ብለዋቸዋል። የማነሳቸው በዚህች ከተማ የምርጫ ታሪክ መራጩ የአንድን ዕጩ የኋላ ታሪክ እንደዚያን ጊዜ አውቆ ድምፁን የሰጠበት ወቅት ስለማይታወሰኝ ነው። ያ ዕውቀት የት ድረስ እንደወሰደን፣ የትስ ላይ እንዳስቀረን ማየት ለወደፊቱ ይበጃል።

ሰውየው ማን ነበሩ?

ዶ/ር ብርሃኑ የተወለዱት ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ከተማ ነው። አባታቸው አቶ ነጋ ቦንገር በንግዱ ዓለም ስማቸው የታወቀ ባለሀብት ነበሩ። የሀብታም ልጅ ናቸው ማለት ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚመቸው መንገድ አንገቱን ደፍቶ መቀመጥ ወይም አውሮፕላን መሳፈር ነበር። እሳቸው ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የኢሕአፓ አባል ሆኑ። ከተማው ደም በደም ሲሆን ደግሞ እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቻቸው ወደ አሲምባ ወጡ።

አሲምባ ላይ የገጠማቸው ነገር ለማንም መራጭ ሊነገር የሚገባው ነው። ድርጅቱ ውስጥ መከፋፈል ሲነሳ የአመራሩን አካሄድ በመተቸታቸው ለወራት ታሰሩ። ልብ በሉ፤ ያሰራቸው ደርግ አልነበረም። ሕይወታቸውን ሊሰጡለት የወጡለት የገዛ ድርጅታቸው ነበር። ከዚያ ወጥተው ሱዳን ገቡ። ሱዳን ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በጥገኝነት አሜሪካ ሄዱ። እዚያም በኒውዮርክ ግዛት ኒው ፓልዝ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በኒው ስኩል ደግሞ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬታቸውን ይዘው በባክኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

በፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲ ወንበር ያገኘ ሰው ምን ጎደለኝ ብሎ ይመለሳል? እሳቸው በ1986 ዓ.ም. ተመለሱ። የማዳበሪያ ንግድ ውስጥ ገቡ፤ በትርፍ ጊዜያቸውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርን በሊቀ መንበርነት መሩ። ማኅበሩ መንግሥት የሚናገረውን ቁጥር እንደ ዳዊት የሚደግም ሳይሆን እየፈተሸ የሚከራከር ቤት ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣልን፣ ጋዜጣችን ይፈቀድልን ብለው ሲነሱ ነገሩ ወደ ደም መፋሰስ ዞረ። ዶ/ር ብርሃኑና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ቀደም ብሎ ለተማሪዎቹ ስለ ምሁራን ነፃነት ተናግረው ነበርና "ቀስቃሾች" ተብለው ታሰሩ። በዋስ የወጡት ከአንድ ወር ያህል በኋላ ነው።

እንግዲህ በ1997 ዓ.ም. ቀስተ ደመናን ይዘው ቅንጅት ውስጥ ገብተው ብቅ ሲሉ መራጩ ያየው ከሰማይ የወረደ ዶክተር አልነበረም። ሳይቸግራቸው የተቸገሩ፣ በገዛ ድርጅታቸው ታስረው የወጡ፣ በውጭ አገር እንጀራ አግኝተው የተመለሱ፣ ነግደው የበሉ፣ ማኅበር መርተው ያስረከቡ ሰው ነበሩ። በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ቁጥር እየጠቀሱ ሲናገሩ ተሰሚነት ያገኙት አንደበት ስላላቸው ብቻ አይመስለኝም። ከአንደበታቸው በስተኋላ የሚታወቅ ሕይወት ስለነበረ ነው።

በዚያ ሰሞን ከገዢው ፓርቲ በኩል የተሰጠው መልስ ምን ነበር? "ሰውየው ማኅበር ሲመሩ ይህን አጥፍተዋል፤ ሲነግዱ ይህን አጉድለዋል" ቢባል ተገቢ ክርክር በሆነ ነበር። ኢሕአዴግ ግን ተቃዋሚውን በጅምላ ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር ማመሳሰልን መረጠ። የሰው ሕይወት ተመርምሮ ጉድፍ ሲጠፋ የሚለጠፍ ስም ይፈለጋል። ሕዝቡ ስሙን ሳይሆን ሰውየውን አየ። በጊዜው ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት አቶ አርከበ ዕቁባይ ሥራ አልሠሩም እንዳይባል መንገዱም የጋራ መኖሪያ ቤቱም ተጀምሮ ነበር። ቢሆንም ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። የፓርላማውን 23 ወንበርም እንዲሁ ጠራርጎ ወሰደ።

አንድ ሰው ለ136 ሰው ተያዥ ሲሆን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ137ቱ ተመራጮች መካከል መራጩ ሕይወታቸውን የሚያውቅላቸው ስንቱን ነበር? ዶ/ር ብርሃኑን አወቀ። ሌሎች ጥቂት ስሞችን ከመድረክና ከጋዜጣ ለየ። የቀሩትስ? በሰፈሩ የተወዳደረውን ዕጩ ስም ከነአባቱ የሚጠራ መራጭ ስንት ነበር? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሕዝቡ አንዱን ሰው አውቆ የቀሩትን በእሳቸው ተያዥነት አስገባቸው። አንድ ሰው ለ136 ሰው ተያዥ ሆኑ ማለት ነው።

ይኼ በፍቅር የተደረገ ነገር ነው፤ ፍቅሩም የሚያኮራ ነበር። ውጤቱን ግን አየነው። ነሐሴ 1997 ዓ.ም. ዶ/ር ብርሃኑ በቅንጅት የምክር ቤት አባላት ከንቲባ ተብለው ተመረጡ። ወንበሩ ላይ ግን አንድም ቀን አልተቀመጡም። የቅንጅት አመራር ስምንት ነጥቦችን አስቀምጦ እነዚህ ካልተሟሉ ፓርላማ አልገባም አለ፤ የከተማዋ ርክክብም እንደተንጠለጠለ ቀረ። በሰኔና በጥቅምቱ ግጭት ደም ፈሰሰ፤ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን የቆጠራቸው የሞቱ ሲቪሎች ብቻ 193 ናቸው። ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ መሪዎቹ ተለቅመው ታሰሩ። እነ አስኳል፣ እነ ምኒልክ፣ እነ ሳተናው፣ እነ ኢትዮጵ ከገበያ ጠፉ፤ አዘጋጆቻቸው ቃሊቲ ገቡ።

ተያዡ ሲታሰሩ የተያዘላቸው ሰዎች ምን ሆኑ? አብዛኞቹን ሰፈራቸው እንኳ ለይቶ አላወቃቸውም። ከፊሉ እንግባ አለ፣ ከፊሉ አንገባም አለ፣ ከፊሉ ድምፁ ጠፋ። የመረጣቸው ሕዝብ ሄዶ "አንተ እኮ የእኔ ተመራጭ ነህ፤ ምን ወሰንክ?" የሚላቸው አጡ። የማያውቁትን ሰው በምን ስሙ ይጠሩታል? ግንቦት 1998 ዓ.ም. ከተማዋ በመንግሥት ለተሰየመ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ያው ምክር ቤት ከአንድ ወንበር በስተቀር ሙሉ በሙሉ የኢሕአዴግ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ 137 ሰው መጥቶ ሄደ፣ ሌላ 137 ሰው ተተካ። ከሁለቱም ረድፍ ከአሥር ሰው በላይ በስም የሚጠራልኝ የአዲስ አበባ ነዋሪ ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ።

የዚህ መጨረሻው ምን እንደሆነም አይተናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል እንዲመረጥ ያዝ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ይኼው ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ የሆነ ሰውም ከተማዋን ሊመራ ይችላል ተባለ። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. በምክትል ከንቲባ ማዕረግ ከተማዋን የተረከቡት ኢንጂነር ታከለ ኡማ ስማቸው በአዲስ አበባ የምክር ቤት ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ያልነበረ ሰው ናቸው። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. የተተኩት ወ/ሮ አዳነች አቤቤም በዚያው በር ነው የገቡት፤ ለመራጭ የቀረቡት በ2013 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ዕጩውን መጠየቅ ሲተው ዕጩ ማቅረቡ ራሱ አላስፈላጊ ሆኖ ይቆጠራል። ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው።

ታሪክ የሚነበበው እስከ መጨረሻው ነው

አንድ ሌላ ነገር አለ። መራጩ የዶ/ር ብርሃኑን ሕይወት አነበበ ብለናል። ግን ግማሹን ነው ያነበበው። ጀግንነቱን አነበበ፤ የሰውየውን አካሄድ አላነበበም። እስቲ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ተከተሉት። ዩኒቨርሲቲው ሲጠብ አሲምባ፤ አሲምባ ሲጠብ ሱዳን፤ አሜሪካ ሲሞላ አገር ቤት፤ ማኅበሩ ሲያንስ ፓርቲ። በር ሲዘጋባቸው በሩ ሥር ቆመው የሚያንኳኩ ሳይሆን ሌላ በር የሚከፍቱ ሰው ናቸው። ይኼ በአንድ በኩል ታላቅ ድፍረት ነው። ግን ከተማ ማስተዳደር ማለት በተዘጋ በር ሥር ለዓመታት ቆሞ ማንኳኳት፣ ስለ ቆሻሻ መኪናና ስለ ውሃ ቧንቧ መነታረክ ነው። ለዚያ የሚሆን ትዕግሥት በሰውየው ታሪክ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ይኼ ጥያቄ በ1997 ዓ.ም. በአደባባይ ሲነሳ አልሰማሁም። ደስታው በዝቶ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያንኑ መስመር የተከተለ ነው። ቃሊቲ ሆነው "የነፃነት ጎህ ሲቀድ"ን ጻፉ፤ መጽሐፉ ካምፓላ ታተመ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በቀናት ውስጥ ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት 7ን በውጭ አገር መሠረቱ፤ በ2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ኤርትራ ገቡ። ጳጉሜን 2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢዜማ መሪ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ግን በ1997 ዓ.ም. 137 ወንበር የሰጠቻቸው ከተማ ለፓርቲያቸው አንድ ወንበር እንኳ አልሰጠችም። መስከረም 2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ተብለው ካቢኔ ገቡ።

"ከድተውናል" የሚሉ አሉ፤ "አገር ለማዳን ነው የገቡት" የሚሉም አሉ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ሕይወታቸውን እስከ ጫፍ ላነበበ ሰው በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። አንድ በር ሲዘጋ ሌላ በር፤ ያው ነው። ቁጥር አክባሪነታቸውም እንዲሁ አብሯቸው ዘልቋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተደርጎ የ2014 ዓ.ም. ውጤት ሲወጣ ከግማሽ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ያንን ቁጥር ሌላ ባለሥልጣን ቢሆን ይሸሽገው ነበር፤ እሳቸው በአደባባይ ተናገሩት። ተማሪውን እዚያ ያደረሰው ማነው የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የኢኮኖሚክስ ማኅበሩ ሰው እዚያው እንዳለ ታየ። ሰው ሥልጣን ሲይዝ አዲስ ሰው አይሆንም። የነበረውን ይዞ ነው የሚገባው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

"ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው የሚመረጠው" የሚሉ ምሁራን አሉን። መልካም ነው፤ ግን እስቲ ፕሮግራሞቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። መንገድ፣ ውሃ፣ ቤት፣ የሥራ ዕድል፣ ፍትሕ። ውሃ አላመጣም ብሎ የተወዳደረ ፓርቲ እስካሁን አላየንም። ወረቀት ሁሉን ይሸከማል። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱን በያዘው እጅ ላይ ነው።

ደግሞ "ተቃዋሚ ሆኖ ታሪኩን በአደባባይ ያወጣ ይመነጠራል፤ ንግዱ ይታሸጋል፣ ዘመዱ ከሥራ ይባረራል" የሚል ሥጋት አለ። ሥጋቱ ከባዶ አልመጣም። ግን የተደበቀ ዕጩ ሲታሰር ማን ይጮህለታል? የታወቀ ሰው ሲነካ ሰፈሩ ይነሳለታል። ያልታወቀ ሰው ሲነካ ጎረቤቱ እንኳ "የት ሄደ?" ብሎ ዝም ነው የሚለው። መታወቅ ለዕጩው ራሱ መከታ ነው።

ስለዚህ በየሰፈራችሁ "ምረጡኝ" ብሎ የሚመጣውን ሰው፣ የገዢው ይሁን የተቃዋሚው፣ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት። እስከዛሬ እንጀራህን የበላኸው ከምንድን ነው? ከፖለቲካ በቀር ሌላ ሙያ ከሌለው ወንበሩን የሚለቅበት ቀን አይመጣም፤ የሚሄድበት የለውማ። ከገዛ ወዳጆችህ ጋር ሳትስማማ ስትቀር ምን አደረግህ? ዝም ካለ ነገም ዝም ይላል። የሰው ገንዘብ ይዘህ፣ ሒሳብ አሳይተህ ያስረከብክበት ቦታ የት ነው? እድር ይሁን ዕቁብ፣ ማኅበር ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ሰዎቹ በሕይወት አሉና ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትሸነፍስ ምን አደረግህ? ሥራ ትተህ ወጣህ ወይስ ቆየህ? በመጨረሻም፣ አንተ ብትታሰር ወይም ብትሄድ ከኋላህ ያሉት እነማን ናቸው? ከ1997 ዓ.ም. የቀረልን ትምህርት ይኼኛው ነው። ከመሪው ኋላ የቆመውን ሁለተኛውንና አሥረኛውን ሰው እንደ መሪው አድርጎ ማወቅ።

"ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ይላል የአገራችን ሰው፤ የሰው ልክ የሚታወቀው ታሪኩ ሲዘጋ ነው ለማለት። ዕጩ ግን እስኪቀበር አይጠበቅም። ድምፃችንን የምናበድረው በቁሙ ነው። ከበሮና መፈክር ይዞ ደጃችን ሲደርስ ጭብጨባውን እናቆየውና የኋላ ታሪኩን እንጠይቀው። ቅር የሚለው ከሆነ መልሱን እዚያው አገኘን ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን!